መኪናን በግቢ ማጠብ፦ ውሃው ይቅደም፣ እጅ ይከተል

በአዲስ አበባ ለአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ነዋሪዎች የቀረበ ንግግር፣ በጽሑፍ የተዘጋጀ

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች፦

የግቢያችን የመኪና ማቆሚያ አጀንዳ ከመነሣቱ በፊት ስለ መኪና እጥበት ጥቂት እንድናገር ኮሚቴው ጋብዞኛል። እንጀራዬ የላሜራና የቀለም ሥራ ስለሆነ እጥበትን የማውቀው ከአጣቢው በኩል አይደለም፤ ለዓመታት ሲታጠብ ኖሮ ቀለሙ የደከመበትን መኪና ከሚረከበው ባለሙያ በኩል ነው። በዚያ በኩል ቆሞ ለሚያይ ሰው ደግሞ አንድ ነገር ገሃድ ነው። በከተማችን የመኪና ቀለም ከመንገዱም ሆነ ከዕድሜው ይበልጥ የሚጎዳው በአስተጣጠባችን ነው። ዛሬ የማቀርብላችሁ ሁሉ ከዚህ አሳብ የሚነሣ ነው።

በየጠዋቱ በግቢያችን የሚሆነውን እናስተውል። ቀን የተከማቸው አቧራ ሌሊት በወረደው ጤዛ ርሶ መኪናው ላይ ተለጥፎ ያድራል። ሲነጋ ባለቤቱ ወይም የጥበቃ ሠራተኛው ከወንበር ሥር አንድ አሮጌ ጨርቅ ያወጣል፤ ብዙውን ጊዜ የተቀደደ ካናቴራ ሲሆን ትናንትም ከትናንት ወዲያም የተወለወለው በዚያው ነው። አንድ ጊዜ ያራግፈውና ከኮፈኑ ጀምሮ ክብ ክብ እየሠራ እስከ ጣራው ይወለውላል። ሁለት ደቂቃ እንኳ አይፈጅም፤ መኪናውም ለጊዜው ያብረቀርቃል። ሆኖም ረፋድ ላይ ጎንበስ ብለን ኮፈኑን ብናይ፣ በፀሐይዋ ነጸብራቅ ዙሪያ እንደ ሸረሪት ድር የተወሳሰቡ ቀጫጭን ጭረቶች ይታያሉ። ጥቁር መኪና የያዘ ሰው ይህንን በሚገባ ያውቀዋል። ነጭና ብርማ መኪና የያዘ ግን አይታየውምና የእርሱ መኪና ከዚህ ነገር የዳነ ይመስለዋል፤ አልዳነም።

የሚጭረው ጨርቁ የሚጎትተው አቧራ ነው። ከተማችን የተመሠረተችው በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ነው፤ ለግንባታ የሚፈጨው ጠጠርም ያው ጥቁሩ ባዛልት ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ፌልድስፓር የተባለ ማዕድን በሞህስ የጥንካሬ መለኪያ 6 ገደማ ይደርሳል፤ ተራ መስታወት ደግሞ 5.5 ገደማ ነው። መስታወት መጫር የሚችል ብናኝ ከመስታወት እጅግ የለሰለሰውን የመኪና ቀለም ምን እንደሚያደርገው ለመገመት ባለሙያ መሆን አያሻም። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ በየመንገዱ የሚቆፈረውና የሚገነባው በዝቶ፣ በበጋ ወራት አንድ ቀን ውጭ የዋለ መኪና ላይ በጣት ስም መጻፍ ይቻላል። በዚህ አቧራ ላይ ሲሚንቶ ሲቀላቀል ሌላ ጣጣ ያመጣል። ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው ይጠነክራል፤ ቀለምንም የሚያቃጥል ኃይለኛ አልካላይን ነው። ስለዚህ ግንባታ አጠገብ የቆመ መኪና ጤዛ ሳያገኘው፣ ሳይታሽ፣ በብዙ ውሃ መለቅለቅ አለበት። ደርቆ የቀረ ካለ አቼቶ በእኩል ውሃ በርዞ ጥቂት ማርጠብና ወዲያው በውሃ ማጠብ ይፈታዋል።

የዘመኑ መኪና ቀለም እንዴት እንደተሠራ ማወቅ ለምን እንደምንጠነቀቅ ያስረዳናል። በቆርቆሮው ላይ መጀመሪያ ዝገት መከላከያ፣ ቀጥሎ ማስተካከያ ቀለም፣ ከዚያ መልክ የሚሰጠው ቀለም፣ በመጨረሻም እኛ በሙያው ክሊር የምንለው ብርሃን አሳላፊ ሽፋን ይቀባል። ፋብሪካ የቀባው ክሊር ውፍረት በአብዛኛው ከ35 እስከ 50 ማይክሮን ነው። አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር ሺኛ ነው፤ የሰው ፀጉር ወደ 70 ማይክሮን ይሆናል። እንግዲህ መኪናችንን ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቀው ሽፋን ከአንድ ዘለላ ፀጉር የሳሳ ነው ማለት ነው። ጭረት ለማጥፋት ፖሊሽ በተደረገ ቁጥር ከዚህ ሽፋን ላይ ይቀነሳል። ቀላል ፖሊሽ አንድም ሁለትም ማይክሮን ይወስዳል፤ ኮምፓውንድ በሚባለው ሻካራ ፖሊሽና በብርጭቆ ወረቀት የሚሠራው ከዚያ በብዙ ይበልጣል። የሄደው ተመልሶ አይመጣም። በመንገድ ላይ ጣራቸውና ኮፈናቸው እንደ ቆዳ እየተላጠ ነጭ የሆነባቸውን መኪኖች አይታችሁ ይሆናል፤ ክሊሩ ሳስቶ በፀሐይ ያለቀባቸው ናቸው፤ ያንን ደግሞ ፖሊሽ አያድነውም፤ ያለው ምርጫ እንደገና መቀባት ብቻ ነው። እንደገና የተቀባ መኪና በገበያ እንዴት እንደሚታይ ደግሞ መኪና ገዝታችሁ የምታውቁ ሁሉ ታውቃላችሁ። ገዢው ሞተሩን ሳያስነሳ የሚጠይቀው «የፋብሪካ ቀለሙ ነው?» ብሎ ነው።

ዲኤክስ የምንላቸውን የቀድሞ ኮሮላዎች የያዛችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ። በዚያ ዘመን ከተሠሩት መኪኖች መካከል ክሊር ሳይደረብላቸው ነጠላ ቀለም ብቻ የተቀቡ አሉ። ለማወቅ ጥቂት ፖሊሽ በነጭ ጨርቅ አድርጎ በማይታይ ቦታ ማሸት ይበቃል፤ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ከያዘ ክሊር የለውም ማለት ነው። እንዲህ ዓይነቱ መኪና ቢደበዝዝም በፖሊሽ ጥሩ ሆኖ ይመለሳል፤ ነገር ግን እያሸን የምናነሣው ራሱን ቀለሙን ስለሆነ ፖሊሹ አይደጋገም።

አሁን ወደ ውሃው ልግባ፤ ኮሚቴው ያሳሰበውም እርሱ እንደሆነ አውቃለሁ። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ግቢ፣ የሮቶውም ውሃ የሁላችን በሆነበት፣ በጎማ ለቅቆ ማጠብ ተገቢ አይደለም። አንድ የውሃ ጎማ በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ሊትር ይለቃል፤ ሩብ ሰዓት ክፍት ቢቆይ ከ150 እስከ 300 ሊትር ፈሰሰ ማለት ነው። በዚህ ምክንያት ብዙዎቻችን ውሃ ለመቆጠብ ብለን በደረቅ ጨርቅ ወይም በአንድ ባልዲ እናጥባለን፤ ውሃ ቆጥበን ቀለም እናባክናለን። ከሦስት ጀሪካን እምብዛም በማይበልጥ ውሃ አንድ የቤት መኪና በአግባቡ ይታጠባል። የሚያስፈልገው ዋና መሣሪያ ገበሬዎች በጀርባቸው ተሸክመው መድኃኒት የሚረጩበት 16 ሊትር የሚይዘው መርጫ ነው። አዲስ መሆን አለበት፤ ፀረ ተባይ የነካው ፈጽሞ አይሆንም። አንድ ሙሉ መርጫ ለመጀመሪያው ማለቅለቂያ፣ አንድ ሙሉ መርጫ ለመጨረሻው፣ በመካከሉ ሁለት ባልዲ እያንዳንዳቸው 12 ሊትር ያህል፣ ለጎማዎቹ ደግሞ አንድ ትንሽ ባልዲ ይበቃል።

ሳሙናን በተመለከተ በአጭሩ፦ የልብስ ዱቄት ሳሙና አይሁን፤ አልካላይኑ ብርቱ ነው፤ በደንብ ያልሟሟው ፍሬም በጨርቁ ሥር ይፈጫል። ላርጎ እያልን የምንጠራው የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና መኪናውን በአንድ እጥበት አያበላሸውም፤ ቅባት እንዲቆርጥ የተሠራ ስለሆነ ግን ቀለሙን እንዲጠብቅ የቀባነውን ሰም ጠርጎ ይወስደዋል። ሰም ለመቀባት በተዘጋጀንበት ቀን ብንጠቀምበት እንኳ ነውር የለውም። ለዘወትር የሚሆነው የመኪና ሻምፑ ነው። አንድ ባልዲ ውሃ የሚፈልገው በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ጥቂት ብቻ ነው፤ አረፋ በበዛ ቁጥር ይጸዳል የሚለው እምነት መሠረት የለውም፤ ከሻምፑ የምንፈልገው ዋናው ነገር ጨርቁ በአቧራው ላይ ሳይጫን እንዲንሸራተት የሚያደርገውን ልስላሴ ነው። በረኪና ወደ መኪና አይቅረብ።

ሥራው የሚጀመረው መኪናው በጥላ ሥር ቆሞ ኮፈኑ በእጅ ሲነካ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። በሞቀ ቆርቆሮ ላይ ሳሙናውም ውሃውም ቶሎ ይደርቃል፤ በውሃው ውስጥ የነበረው ማዕድንም ነጭ ነጠብጣብ ሆኖ ይቀራል። ከጉድጓድ የሚወጣ ውሃ ብዙውን ጊዜ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ስለሚበዛበት፣ የጉድጓድ ውሃ በሚደርሳቸው ሰፈሮች ይህ ነጠብጣብ ያስቸግራል።

በቅድሚያ ጎማና ቸርኬ ይታጠባሉ። ምክንያቱም ከሁሉ የከፋው ቆሻሻ ያለው እዚያ ነው፤ የፍሬን ሸራ ብናኝ ብረትነት አለው፤ በመጨረሻ ብናጥባቸው ደግሞ ጭቃው በታጠበው በር ላይ ይረጫል። የእነርሱ ባልዲና ብሩሽ ለብቻው ይሁን፤ ወደ ቀለሙ አይሻገርም። ከዚያ መርጫውን ይዘን ከጣራው ጀምረን ወደ ታች፣ ምንም ሳንነካ እናርሳለን። ጥቂት ደቂቃ እንታገሥ፤ የደረቀው ጭቃ ይለስልስ፤ እንደገና እንርጭ። በክረምት ፓራፋንጎው ሥር የተጋገረው ጭቃ ብዙ ትዕግሥት ይፈልጋል፤ በጣት ፈልቅቆ ማውጣት ግን ከእጥበት ይልቅ ጭረት ነው። ለእኔ ከጠቅላላው ሥራ ግማሹ ይኸው ሳይነኩ ማርጠብ ነው። ከአቧራው አብዛኛው እዚህ ላይ ከወረደ፣ የቀረው በእጅ ቢታሽ የሚያደርሰው ጉዳት ጥቂት ነው።

ሁለቱ ባልዲዎች የሚመጡት ከዚህ በኋላ ነው። አንዱ ሻምፑ ያለበት፣ ሌላው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ማይክሮፋይበር የሚባለውን ለስላሳ ሰው ሠራሽ ጨርቅ ወይም በእጅ የሚጠለቀውን ለስላሳ ማጠቢያ በሻምፑው ነክረን አንድ ክፍል፣ ለምሳሌ የጣራውን ግማሽ፣ ሳንጫን ወደ አንድ አቅጣጫ እየሳብን እናጥባለን። ክብ ክብ አንሠራም። ያንን ክፍል ስንጨርስ ማጠቢያውን ወደ ሻምፑው አንመልሰውም፤ በንጹሑ ውሃ አሽተን፣ ጨምቀን፣ ከዚያ ወደ ሻምፑው። ሥራው ሲያልቅ በንጹሑ ባልዲ ታች የሚዘቅጠውን ጥቁር አሸዋ እጃችሁን ሰድዳችሁ በጣታችሁ ዳስሱት። በአንድ ባልዲ ብናጥብ ኖሮ ያ ሁሉ አሸዋ በጨርቁ እየተመለሰ ኮፈኑ ላይ ይጎተት ነበር። ቅደም ተከተሉም ይህ ነው፤ ጣራ፣ መስታወት፣ ኮፈንና የኋላ ክዳን፣ የበሮቹ ላይኛው ክፍል፣ በመጨረሻ የበሮቹ ታችና ፓራውልቱ።

ከታጠበ በኋላ እንዲደርቅ ለፀሐይ አንተወውም። ወፍራሙን ማይክሮፋይበር በኮፈኑ ላይ ዘርግተን በቀስታ እየጎተትን ውሃውን እንዲጠጣ እናደርጋለን። ከስፖኪዮውና ከበሩ እጀታ ዘግይቶ የሚንጠባጠብ ውሃ ስላለ በሮቹን ከፍቶ መዝጋትና ዳር ዳሩን መጥረግ ይገባል።

የወፍ ኩስ የሳምንቱን እጥበት አይጠብቅም። አሲድነት አለው፤ ፀሐይ ቀለሙን ስታሞቀው ያለሰልሰዋል፤ ማታ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ኩሱን እንደያዘ ይኮማተራል፤ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ የማይለቅ ጉድጓድ ሊተው ይችላል። በጥፍር አይፋቅም። ሶፍት በውሃ አርጥቦ በላዩ ላይ አሥር ደቂቃ ማኖርና ከዚያ ወደ ላይ ማንሣት ነው። ከአዲስ አስፋልት የሚረጨው ሬንጅ ደግሞ በጥቂት ነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ይለቃል፤ ቦታው ግን ወዲያው በሻምፑ መታጠብ አለበት።

ከእጥበት በኋላ እጃችሁን በቀጭን ፌስታል ሸፍናችሁ ቀለሙን ብትዳስሱ የሚሻክር ነገር ከተሰማችሁ፣ በቀለሙ ላይ የተጣበቀ የብረት ብናኝ ወይም የሬንጅ ጠብታ አለ። ይህን የሚያነሣ ክሌይ የሚባል ጭቃ መሰል ነገር አለ፤ በሻምፑ ውሃ በራሰ ቀለም ላይ በቀስታ ይንሸራተታል፤ መሬት ከወደቀ ይጣላል። በዓመት አንድ ጊዜ ከበቂ በላይ ነው። ፖሊሽና ሰም አንድ እንዳልሆኑም ይታወቅ። ፖሊሽ ይቀንሳል፣ ሰም ይደርባል። ጭረቱ ጥፍር የሚይዝ ከሆነ ፖሊሽ አያጠፋውም፤ ባለ ማሽኑ «አጠፋዋለሁ» ቢላችሁ ክሊራችሁን ይዞ እንደሚሄድ ዕወቁ። ሰም ግን ማንም ሰው በቤቱ ሊቀባው ይችላል። በእጅ፣ በስሱ፣ በቀዝቃዛ ቀለም ላይ፣ በየሦስት ወሩ ገደማ። ውሃ ሲፈስበት ክብ ክብ ነጠብጣብ እየሠራ የሚሮጥ ከሆነ ሰሙ አለ፤ ተንጣልሎ ከተኛ አልቋል።

ሰም በእኛ ከተማ ቅንጦት አይደለም የምለው በፀሐዩ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ የአልትራቫዮሌት ጨረር በየ1,000 ሜትሩ በግምት 10 በመቶ ይጨምራል። አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ፀሐዩ የማይጎዳ ይመስለናል፤ ነገር ግን በበጋ ቀትር የጨረሩ መለኪያ እጅግ ከፍተኛ ከሚባለው ከ11 በላይ ይወጣል። የፊት መብራቶች ቢጫ የሚሆኑትም በዚሁ ነው። መብራቱ መስታወት ሳይሆን ፖሊካርቦኔት የተባለ ፕላስቲክ ነው፤ ጨረር መከላከያው ሲያልቅ ይደበዝዛል። በጥርስ ሳሙና ማሸት ለሳምንት ያስመስላል። የሚሻለው በውሃ እያረሱ በ1,000፣ በ2,000፣ ከዚያ በ3,000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት አሽቶ ፖሊሽ ማድረግ፣ በመጨረሻም ጨረር የሚከላከል ሽፋን መቀባት ነው፤ ይህ የመጨረሻው ከቀረ በወራት ውስጥ ተመልሶ ቢጫ ይሆናል።

ስለ ላቫጆ ሳልናገር ብቀር ቅር የሚለው ይኖራል። በላቫጆ የሚሠሩት ወጣቶች ቀኑን ሙሉ እግራቸው ውሃ ውስጥ እየዋለ የሚደክሙ ናቸው፤ ነቀፌታው ለእነርሱ አይገባም። ወረፋው እስከ መንገድ የደረሰበት ሠራተኛ ለአንድ መኪና ያለው ጊዜ አጭር ስለሆነ፣ ጎማውን ያጠበበት ጨርቅ ጣራውን ሲያጥብ ማየት የተለመደ ነው። የራሳችሁን ሁለት ጨርቅ ይዛችሁ ብትሄዱና «ለቀለሙ ይህን ብቻ» ብትሉ ማንም አይቆጣም። አጥብቄ የምቃወመው ግን ከሥር ናፍጣ ማስረጨትን ነው። ናፍጣ ለጊዜው ብረቱን ያጠቁረዋል፤ ጎሚኒዎቹን ግን ያሳብጣል፣ ያላላቸዋል፤ አቧራ ይሰበስባል፤ ታጥቦ የሚሄደውም በቦዩ በኩል ወደ ወንዞቻችን ነው። በግቢያችን ይህ ጨርሶ እንዳይደረግ ኮሚቴው በመተዳደሪያ ደንቡ ቢያስገባው እደግፋለሁ። ሞተርን በኃይለኛ ውሃ ማስመታትም እንዲሁ ነው፤ ውሃ ካንዴላው ጉድጓድና ዲናሞው ውስጥ ይገባል፤ ጠዋት አልነሣ ሲል ባትሪ እንከሳለን። ሞተር ቀዝቅዞ በብሩሽና በእርጥብ ጨርቅ ቢጸዳ ይበቃዋል።

የውስጡ ሥራ አጭር ነው። ምንጣፉን አውጥቶ ማራገፍ፣ አቧራውን በመጥረጊያ ማሽን መሳብ፣ ክሩስኮቱን በእርጥብ ማይክሮፋይበር መጥረግ። የሚያብለጨልጭ ቅባት ክሩስኮት ላይ ሲቀባ በፊት መስታወቱ ላይ ስለሚያንጸባርቅ እይታን ይከለክላል፤ በመሪና በፔዳል ላይ ደግሞ ያንሸራትታል፣ አደጋ ነው። በክረምት ምንጣፍ ሥር የቀረ እርጥበት ይሻግታል፤ ፀሐይ በወጣችበት ቀን ሁሉ በሮቹን ከፍቶ ማናፈስ ሽታውን ከማንኛውም ሽቶ ይልቅ ያጠፋዋል።

በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉ ከተነገረ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪኖች በግቢያችንም በዝተዋል፤ ባለቤቶቻቸውም ውሃ ይፈራሉ። ዝናብ የሚችል መኪና እጥበትም ይችላል። ጥንቃቄው ቻርጅ እየተደረገ አለማጠብ፣ የቻርጅ መክፈቻው በሚገባ መዘጋቱን ማየት፣ ከሥር ባለው ባትሪና በሽቦ መገናኛዎቹ ላይ የኃይለኛ ውሃ አፍንጫ ቀርቦ እንዳያርፍ ማድረግ ነው። ዝናብ ሲሰማ በራሱ የሚነሣ የመስታወት መጥረጊያ ካለው በመጀመሪያ ይጠፋ፤ ባልተጠበቀ ሰዓት አቧራውን በመስታወቱ ላይ ይጎትተዋል። እነዚህ መኪኖች ሲቆሙ ፍጥነታቸውን የሚገቱት በአብዛኛው በሞተሩ ስለሆነ የፍሬን ብናኛቸው ጥቂት ነው፤ ቸርኬያቸውም በቀላሉ ይጸዳል።

ጨርቆቹን በሚመለከት የምጨምረው ይህን ነው። ማይክሮፋይበር ከሌላ ልብስ ጋር አይታጠብም፤ ከጥጥ የሚለቀቀውን ብናኝ ይሰበስባል። የልብስ ማለስለሻ አይነካውም፤ ቃጫዎቹ ተደፍነው ውሃ መጠጣት ያቆማል። ካውያም አያይም፤ ፕላስቲክነት ስላለው ይቀልጣል። ለጣራና ለኮፈን የሚሆነው፣ ለበሮች ታች የሚሆነውና ለቸርኬ የሚሆነው በቀለም ቢለይ ለጥበቃ ሠራተኞቻችንም አይምታታባቸውም። መሬት የወደቀ ጨርቅ፣ ምን አዲስ ቢሆን፣ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቸርኬ ጨርቅ ነው። ጥያቄ ያላችሁ ከስብሰባው በኋላ ታች መኪና ማቆሚያው ጋ ውረዱ፤ መርጫውንና ሁለቱን ባልዲ ይዤ መጥቻለሁና በአንዱ መኪና ላይ ሠርተን እናያለን።